ደብረ ብርሃን ላይ የድሮ ሞዴል ስኒከር ያዋጣል?

የጠባሴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ መምህር ነኝ። ሱፍ ልበስ የሚለኝ የለም፣ ግን ተማሪዎቼን መምሰልም አልፈልግም። ሰሞኑን ዓይኔ የገባው እነዚያ ዝቅ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጎማቸው የካራሜላ ቀለም ያለው የድሮ ሞዴል ስኒከሮች ናቸው። የአዲዳስ ሳምባና ጋዜል፣ ፑማ ስዌድ የሚባሉት። አዲስ አበባ ስሄድ ወጣቱም ጎልማሳውም አድርጓቸው አያለሁ።

የሚያሳስበኝ መጀመሪያ ብርዱ ነው። ከተማችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳው ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነው ከቤት የምንወጣው። ክረምት ደግሞ ጭቃው አለ። ሌላው ሱሪ ነው፤ ያሉኝ ሁሉ ጠባብ ናቸው። የጓደኛዬን ሳምባ ለክቼ መስታወት ፊት ስቆም ከጉልበቴ በታች ያለው የሌላ ሰው መሰለኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ይሄ እኮ የኳስ ጫማ ነው! ሚስት ልታገባ ነው ወይስ ልትሰለፍ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዋጋው እንደምታውቁት ነው፣ ስለዚህ የምገዛው አንድ ብቻ ነው። የትኛውን ልያዝ?

ጫማ አዳሹ

ወንድሜ፣ እኔ ጫማ በማደስ ነው የምተዳደረው። ስለ ፋሽኑ ሌሎች ይንገሩህ። እኔ ጫማን የማየው ገልብጬ ነው።

ወንድምህ ልክ ነው፣ ሳምባ የኳስ ጫማ ነው። ግን ለምን እንደተሠራ ቢያውቅ ኖሮ ራሱ ይገዛልህ ነበር። ጀርመኖቹ የአዲዳስ ሰዎች መጀመሪያ ያወጡት በረዶ በመታው ደረቅ ሜዳ ላይ ተጫዋቹ እንዳይንሸራተት ብለው ነው። ለውርጭ የታሰበ ጫማ ነው ማለት ነው። ይሄ ማለት ግን ይሞቃል ማለት አይደለም። ሶሉ ቀጭን ስለሆነ የመሬቱ ቅዝቃዜ ቀጥ ብሎ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውስጡ ወፈር ያለ ገበር አስገባበት፣ ወፍራም ካልሲ አድርግ። ስለዚህ ስትገዛ በስስ ካልሲ እንዳትለካው። ግማሽ ቁጥር ከፍ ብትል ነው የሚሻልህ፣ ሳምባ በተፈጥሮው ጠበብ ይላል።

አሁን ወደ ቆዳው። ሳምባ አብዛኛው ገጹ ለስላሳ ቆዳ ነው፣ አፍንጫው ላይ ብቻ ነው ካሞሽ (ገጹ ጸጉር ጸጉር የሚል ቆዳ) ያለው። ጋዜልና ፑማ ስዌድ ግን የሚታወቁት ሙሉ በሙሉ በካሞሽ ነው። በጋ ላይ ካሞሽን የሚያህል የለም፣ ቀለሙ ራሱ ደስ ይላል። ሐምሌ ላይ ግን የእኛን ዋልካ ጭቃ ታውቀዋለህ። ካሞሽ ውስጥ ከገባ በኋላ ሰው የሚያደርገው ነገር ያናድደኛል፤ እርጥቡን ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ይፈትገዋል። ያኔ ጭቃው ጸጉሩ ሥር ይጠልቃል፣ አለቀ። መጀመሪያ ይድረቅ። ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረገው። የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ጥላ ቦታ አስቀምጠው። ከሰል ምድጃ አጠገብ በፍጹም አታስጠጋው! ማስቲሹ ይለቃል፣ ቆዳው ይኮማተራል፣ ከዚያ እኔ ጋ ይዘኸው ትመጣለህ። በክረምት ሥራ የሚበዛልኝ በምድጃ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

ስትገዛ ደግሞ ጎማው ከገጹ ጋር የተያያዘበትን ዙሪያውን እይ። በእውነተኛ ክር የተሰፋ ካለ ጥሩ ነው፤ ክሩ ቢበጠስ መልሼ እሰፋዋለሁ። ብዙው ኮፒ ግን ስፌት የለውም፣ የስፌት ቅርጽ ጎማው ላይ ታትሞበት ነው። በጥፍርህ ጫር ጫር አድርገው፣ ክር ከሆነ ይታወቅሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰልባጅ ተራ «የ90ዎቹ ኦሪጅናል ነው፣ አልተነካም» ብለው የሚያወጡት የሩጫ ጫማ አለ። አትሸወድ። የዚያ ዘመን ብዙ የሩጫ ጫማ መሐሉ ላይ ያለው ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን የሚባል ነገር ነው። ይሄ ነገር ባይደረግም ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ከውስጥ ይበላል። ከውጭ አዲስ ይመስልሃል። አድርገኸው ጥቂት ስትራመድ እንደ ደረቀ ዳቦ መፈርፈር ይጀምራል። እሱን ማንም አያድስልህም፣ እኔም ጨምሮ። የድሮ ሞዴል ከፈለግክ በድሮው ቅርጽ አሁን የተሠራውን ግዛ፣ በድሮ ጊዜ የተሠራውን ተወው።

በአጭሩ የምትይዘው አንድ ብቻ ከሆነ የቆዳውን ሳምባ ያዝ። ነጩን ሳይሆን ጥቁሩን ወይም ቡናማውን።

የቀይት ሯጭ

ለታላቅ ወንድምህ ይቺን ንገርልኝ። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ግን ብዙ ሰው አያነሳም። በ1961 ጃፓን ሄዶ ኦሳካ ላይ ማይኒቺ ማራቶንን ሲሮጥ ኦኒትሱካ የሚባለው ጫማ ሠሪ ራሱ መጥቶ አግባብቶ ታይገር የሚባለውን ጫማውን አስደረገው። አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ፑማ አድርጎ 2:12:11 ገባ፣ የዓለም ክብረ ወሰን።

ዛሬ ፋሽን ነው የሚባለው ቢጫ መሬት ላይ ጥቁር መስመር ያለው ኦኒትሱካ ታይገር የዚያው ቤት ልጅ ነው። ሜክሲኮ 66 ይሉታል። እንግዲህ አበበ የተወለደው ጃቶ ነው፣ መንዲዳ አጠገብ። ስለዚህ «የማን ጫማ ነው?» የሚልህ ካለ መልሱ እዚሁ ሰፈራችን ነው።

አዎ፣ አውቃለሁ፣ አበበ የሮጠበት ጫማና ሜክሲኮ 66 አንድ አይደሉም። ግን ወንድምህን ዝም ለማሰኘት ይበቃል።

(ሜክሲኮ 66ን ግን ለክረምት አልመክርህም። ሶሉ ከሳምባም ይሳሳል። እኔ በጋ ላይ ነው የማደርገው፣ ጠጠር ስረግጥ ቁጥሩን እነግርሃለሁ።)

ልብስ ሰፊዋ

ስለ ሱሪው የመለሰልህ ስለሌለ እኔ ልግባ። መስታወት ፊት ያየኸው ነገር ትክክል ነው ወንድሜ፣ ጥፋቱ ግን የጫማው አይደለም። እነዚህ ጫማዎች ቀጭንና ረዘም ያሉ ናቸው። ጭን ላይ የተጣበቀ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የታነቀ ሱሪ ስትጨምርበት እግርህ ሁሉ ጫማ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች እኩል የሚወርድ ሱሪ ያስፈልግሃል። ጫፉ ጫማው አናት ላይ አንዴ ብቻ እጥፍ ብሎ ይረፍ። ተከምሮ ከተጣጠፈ ረዝሟል፣ አሳጥረው።

ያሉህን ጠባቦች ልብስ ሰፊ ዘንድ ይዘህ ከመሄድህ በፊት ገልብጣቸው። ከውስጥ ስፌቱ ጎን የተረፈ ጨርቅ ካለ ትንሽ ማስለቀቅ ይቻላል። የፋብሪካ ጂንስ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይተርፈውም፣ በከንቱ አትድከም። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስና አንድ የቡና ቀለም ወፍራም ጨርቅ ሱሪ ይበቃሃል። እኛ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ጃኬት መልበሳችን ለዚህ ጫማ ይመቸዋል። ከላይ ወፈር ስትል ከታች ቀጠን ያለው ያምርብሃል። ወገብ ላይ የሚያልቅ ጃኬት ይሁን እንጂ ጉልበት የሚደርስ ካፖርት አታድርግበት።

ካልሲ፦ ነጩን የስፖርት ካልሲ ለአዲስ አበባ ልጆች ተውላቸው። ግራጫ ወይም ጥቁር የሱፍ ካልሲ አድርግ። ብርድ ላይ ቁርጭምጭሚቱን ገልጦ የሚሄድ ወንድ አይቼ ከማደንቀው ይልቅ አዝንለታለሁ። 😄

ለቅሶ ቤትና ሽምግልና ላይ ግን አታድርገው። ጥቁር ቢሆንም ያው ስኒከር ነው፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት እግርህን ነው።

የጠባሴ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአበበን ነገር ለወንድሜ ነግሬው «እሱ እኮ ሯጭ ነው፣ አንተ ምን ልትሮጥ ነው?» አለኝ። ስለዚህ አልተሳካም። ግን ጥቁሩን የቆዳ ሳምባ ልይዝ ወስኛለሁ። ሱሪዎቼን ገለበጥኳቸው፣ ከጂንሶቹ አንዱም የተረፈ ጨርቅ የለውም። የጨርቁ ሱሪ ግን ሁለት ጣት ያህል አለው፣ እሱን ነገ እሰጣለሁ።

ጫማ አዳሹ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኮብልስቶን ላይ ዝናብ ሲዘንብ ይሄ ጎማ ይይዛል?

ጫማ አዳሹ

ደረቅ ላይ ይይዛል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ፣ በተለይ ተረግጦ ተረግጦ በለሰለሰ ቁልቁለት ላይ፣ ምንም ጠፍጣፋ ጎማ አታምን። ቀስ ብለህ ውረድ። ጎማው አዲስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ገጹ ላይ ከፋብሪካ የመጣ ልስላሴ አለ። መጀመሪያ ደረቅ አስፋልት ላይ ሂድበትና ትንሽ ይሻክር።

በነገራችን ላይ የፊቱ መርገጫ ሲያልቅ ቶሎ አምጣው። ጎማው እስኪበሳ ከጠበቅክ የምለጥፍበት ቦታ አላገኝም።

ባለ 46

ወንድሞች፣ 46 ቁጥር እዚህ ከተማ የሚያመጣ ሱቅ አውቃለሁ የሚል ካለ ይንገረኝ። ሁሉም ጋ 44 ላይ ያበቃል።

የቀይት ሯጭ

እኔም 45 ነኝ፣ ሁሌ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እልካለሁ። እግርህን በወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ወረቀቱን ስጠው። ቁጥር ብቻ ከነገርከው ያመጣው አይሆንህም።