ሥልጠናው ሁለተኛ ማሽን ሲጨመር ቀጥ ይላል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በክላውድ ክላስተር (በተከራየኋቸው የተያያዙ ማሽኖች) ላይ በፓይቶርች፣ ማለትም በማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ፣ ሞዴል እያሠለጠንኩ ነው። እያንዳንዱ ማሽን 8 ጂፒዩ አለው። በአንዱ ብቻ ሳስነሳው ያለ ችግር ይሄዳል። ሁለተኛውን ስጨምር ግን ቀጥ ይላል።

የሚገርመው፣ ማሽኖቹ በፖርት 29500 ይገናኛሉ። 16ቱም ፕሮሰሶች ይመዘገባሉ። የሚቆመው ፕሮሰሶቹ ግራዲየንቱን (ሞዴሉ የሚስተካከልባቸውን ቁጥሮች) ለመጀመሪያ ጊዜ ሊደምሩ ሲሉ ነው። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ጂፒዩዎቹ 100 ፐርሰንት ሥራ ላይ እንደሆኑ ያሳያሉ፤ ሥልጠናው ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ታይምአውት ይመጣና ሁሉም ይዘጋል። ቆሞም የክላውዱ ኪራይ ሒሳብ ይቆጥራል፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

የኤንሲሲኤልን (ጂፒዩዎቹ እርስ በርስ መረጃ የሚለዋወጡበት የኤንቪዲያ ላይብረሪ) ዝርዝር ሎግ ከፍቼ ሳየው፣ አንዱ ማሽን ዋናውን ኔትወርክ ትቶ የኮንቴይነሮቹን ቨርቹዋል ኔትወርክ የመረጠ ይመስላል። ለኤንሲሲኤል ትክክለኛውን የኔትወርክ ካርድ ስም ልሰጠው አሰብኩ። ግን ስሙ በሁለቱ ማሽኖች ላይ አንድ አይደለም። ለየብቻ ብሰጣቸው ይሠራል?

ሌላው ጥርጣሬዬ ፋየርዎሉ ነው። ኤንሲሲኤል ከ29500 ውጪ ሌሎች ፖርቶችንም ይጠቀማል። በማሽኖቹ መካከል ሁሉንም መክፈት ግድ ነው ወይስ የተወሰነ ክልል መመደብ ይቻላል? እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የቱን እንደምትፈትሹ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።