ለኮሌጁ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ እየሠሩ የሚማሩ አባሎቻችን ጉዳይ

ጸሐፊ፦
እንዴት ናችሁ። ባለፈው ስብሰባ እየሠሩ ለሚማሩ አባሎቻችን አንድ የጋራ ሐሳብ ለኮሌጁ እናቅርብ ተባብለን ነው የተለያየነው። እኔ መነሻ የሚሆን ረቂቅ ጽፌያለሁ፣ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ይሰጠን። ሁለተኛ፣ ተማሪ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ኮሌጁ ይወስን። ሦስተኛ፣ ግቢ ውስጥ የፓርት ታይም ሥራ ይከፈትልን። ያልተስማማችሁበት ካለ አሁኑኑ በግልጽ ጻፉ። ፊርማ ከተሰበሰበበት በኋላ መነካካት ይከብዳል።

የሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ፦
በርታ ጸሐፊያችን፣ ጀምረህ ማምጣትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ነጥብ ግን ይውጣ። ሥልጠናውን ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ። ማልደህ ተነሳ፣ ስልክህን አርቅ፣ የምትሠራውን ጽፈህ ያዝ ነው የሚሉህ። እየሠራ የሚማር ሰው እኮ ይሄ አይጠፋውም፣ ከማናችንም በላይ ደቂቃ የሚቆጥረው እሱ ነው።

ሂሳቡን ልሥራላችሁ። ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ድካም ነው፤ ክላሱ፣ ንባቡ፣ አሳይመንቱ፣ ፈተናው ሁሉ ተደምሮ። ሙሉ ሰሚስተር 30 ክሬዲት ነው። በትንሹ፣ በ25 እንኳን ብናባዛው 750 ሰዓት ይመጣል። ለ18 ሳምንት ስናካፍለው በሳምንት ወደ 42 ሰዓት። ትምህርቱ ብቻውን የሙሉ ቀን ሥራ ነው ማለት ነው። አሁን ሳምንቱን እንየው፣ 168 ሰዓት አለው። በቀን 7 ሰዓት ከተኛን 49። ለመብላት፣ ለመታጠብ፣ ለመንገድ በቀን 4 ሰዓት ብንል 28። ሥራው 20። ትምህርቱ 42። ሲደመር 139 ነው፣ 29 ሰዓት ይተርፋል።

ወረቀት ላይ ይተርፋል። ኑሮው ላይ ስፈልገው ግን ብጥስጥስ ብሎ ነው የማገኘው። በሁለት ክላስ መሃል 50 ደቂቃ፣ ሥራ ቦታ ቀድሜ ስደርስ 20 ደቂቃ፣ ማታ ዓይኔ ሲከደን አንድ ሰዓት። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ የሂሳብ ጥያቄ አንብቤ ቁጥሮቹን ሳሰፍር ጊዜው ያልቃል። በማግስቱ ስመለስበት ከዜሮ ነው የምጀምረው። ስለዚህ የሚጎድለን የሰዓት ብዛት አይመስለኝም። ቀድመን የምናውቀው፣ የማይነካብን፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚረዝም ጊዜ ነው የሚጎድለን።

ካሸር ሆና የምትሠራ፣ ሁለተኛ ዓመት፦
አንተ ያልከው ልቤን ነው የነካው። የእኔን ልንገራችሁ። ሥራ ቦታዬ የሳምንቱ ፈረቃ እሑድ ማታ ይለጠፋል። የክላስ ፕሮግራማችን ደግሞ ሰሚስተሩ ተጀምሮ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው የጸናው፣ እስከዚያ ሦስት ጊዜ ተቀያይሯል። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለችም፣ «የማትችይባቸውን ቀናት ጽፈሽ ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ተቀየረ። ሌላ ሰጠኋት። ተቀየረ። በሦስተኛው «አንቺ ራስሽ የምትፈልጊውን አታውቂም» አለችኝ፣ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ሜካፕ ክላስ፣ ማለትም የቀረ ክላስ ማካካሻ፣ አለላችሁ። አንድ ቀን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገንዘብ እየቆጠርኩ፣ መሳቢያው ክፍት ነው፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሜካፕ አለ፣ አቴንዳንስ ይያዛል።» ጠዋት አንድ ሰዓት የምትገባው ልጅ ታማ እኔ ልተካት ቃል ገብቼ ነበር። በዚያ ሰዓት ለማን ይደወላል? ቆጠራውን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ ክላሱን ቀረሁ፣ ቀሪ ተባልኩ፣ የዚያን ቀን የተማሩት ደግሞ ሚድ ፈተና ላይ መጣ። ሥራውም ላይ ተነጫንጬ ዋልኩ። ከሁለት ያጣ ሆንኩ።

እባካችሁ ይሄን ነገር አንደኛ ነጥብ አድርጉት። ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳን ፕሮግራሙ ቀድሞ ይውጣ፣ ከወጣ ደግሞ ዝም ብሎ አይነካ።

ነርሲንግ፣ የሌሊት ፈረቃ የምሠራ፦
በዚህ እስማማለሁ። የ20 ሰዓቱ ገደብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይውጣ። እኔ ሌሊት ሠርቼ በዚያው ልምምድ ገብቻለሁ። ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል ይላል። በዚህ ሁኔታ መርፌ ይዤ በሽተኛ አጠገብ ቆሜ አውቃለሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ የመድኃኒቱን መጠን ግን አራት ጊዜ አነበብኩት፣ አራቱንም ጊዜ ገባኝ ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም። የተማርነውን አእምሯችን የሚያጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ገደብ ያስፈልገናል።

አካውንቲንግ፦
እህቴ፣ የምትዪው እውነት ነው፣ ያስፈራልም። ግን 20 የምትለዋ ቁጥር በብዛት የምትሰማው ከቪዛ ሕግ ነው። እንግሊዝ በዲግሪ ደረጃ ለሚማር የውጭ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ትፈቅዳለች። አውስትራሊያ ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ በሁለት ሳምንት 48፣ ካናዳ ከ2024 ኅዳር ጀምሮ በሳምንት 24 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሦስት አገር፣ ሦስት ቁጥር። ለአንዱ 12 ሰዓት ይከብደዋል፣ ሌላው 25 ሠርቶ ይዘልቃል፣ እንደ ሥራውና እንደ ትምህርቱ ነው።

ካሸር፦
እኔ ገደቡን የምፈራው በሌላ ምክንያት ነው። 28 ሰዓት የሚሠራ ልጅ የሚሠራው ወድዶ አይደለም። ኮሌጁ ከለከልኩ ቢለው አያቆምም፣ ይደብቃል። ከደበቀ ደግሞ ፈተና ሲጋጭበት ለአማካሪው እንኳን መናገር አይችልም። አሁን ቢያንስ «ሥራ ላይ ነበርኩ» ብለን እንናገራለን።

ነርሲንግ፦
ይሄን አላሰብኩትም። እሺ፣ ገደቡ ይቅር። ግን በምትኩ አንድ ነገር ይግባ። ምዝገባ ላይ ከአማካሪ ጋር ቁጭ ብለን የአካውንቲንጉን ዓይነት ሂሳብ እንሥራ፤ ይህን ያህል ክሬዲት፣ ይህን ያህል የሥራ ሰዓት፣ ይህን ያህል እንቅልፍ። ካልገባ፣ ተማሪው ያለ ቅጣት ክሬዲት ቀንሶ አንድ ሰሚስተር ጨምሮ እንዲጨርስ ይፈቀድለት። ከሌሊት ፈረቃ በማግስቱ የተግባር ልምምድ እንዳይመደብም ይጻፍልኝ፣ ይሄ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ የበሽተኛውም ነው።

ሥራ የማልሠራ አባል፦
እኔም አስተያየት ልስጥ። ፕሮግራም ቀድሞ ይውጣ የሚለው ሁላችንንም ይጠቅማል፣ እፈርማለሁ። ሜካፕ ይከልከል ካላችሁ ግን አልፈርምም። መምህርም ይታመማል፣ ሐዘን ይደርስበታል። ሌላው ግሩፕ ወርክ ነው። የሚሠሩ ልጆች ስብሰባ ይቀራሉ፣ ሥራው እኛ ላይ ይወድቃል። ባለፈው ሰሚስተር አንዱን ስሙን ከሽፋኑ ልናወጣው ደርሰን ነበር። በኋላ ነው በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የራሱን ክፍል ሲጽፍ እንደነበር ያወቅነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ቀድሞ ቢነግረን ቅዳሜ እንገናኝ ነበር።

ምክትል ሰብሳቢ፦
ሜካፑን እንዲህ ብናስታርቀው? አይከልከል። ግን ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ይነገር፣ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከተጠራ አቴንዳንስ አይያዝ፣ ትምህርቱም በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይቀመጥ። መምህራኑም የሚቀበሉት ይመስለኛል። ለግሩፕ ወርኩ ደግሞ መጀመሪያ ቀን ሁሉም የሚችልበትን ሰዓት ጽፎ ይፈራረም፣ ሥራው በክፍል በክፍል ይከፋፈል። ይሄን ከኮሌጁ መጠበቅ የለብንም፣ እኛው እንጀምረው።

የግቢ ሥራውን ሁላችሁም ዘለላችሁት፣ እኔ ግን እንዲቆይ እፈልጋለሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ መንግሥት ደመወዙን የሚደጉምበት የተማሪ ሥራ አላቸው። ዋናው ጥቅሙ አሠሪው የፈተናውን ሳምንት ማወቁ ነው። ላይብረሪ፣ ላብ፣ ሬጅስትራር ጥቂት ቦታ ቢከፈት ለመነሻ ይበቃል።

ጸሐፊ፦
ተመስገን፣ ረቂቁ ከእኔ በጣም የተሻለ ሆኗል። ሥልጠናውና ገደቡ ወጥተዋል። አሁን የያዝኩት ይሄን ነው። አንደኛና ዋናው፣ የክላስና የፈተና ፕሮግራም ሰሚስተሩ ከመጀመሩ አራት ሳምንት በፊት ይውጣ፣ ከዚያ በኋላ ለውጥ የሚደረገው በዲፓርትመንቱ የጽሑፍ ውሳኔ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ የ72 ሰዓቱ። ሦስተኛ፣ የምዝገባው ሂሳብና ክሬዲት የመቀነስ መብት። አራተኛ፣ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ልምምድ አለመመደብ። አምስተኛ፣ የግቢ ሥራ። የግሩፕ ወርኩን ለብቻው የአባላት ስምምነት አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የሚጎድለን ማስረጃ ነው። ባለፈው ሰሚስተር የወጡትን የፕሮግራም ለውጦች ከነቀናቸው የያዘ አለ? የቴሌግራም መልእክቶቹንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ ላኩልኝ፣ የመምህራኑን ስም ሸፍኑት።

ካሸር፦
ሦስቱም ፕሮግራሞች አሉኝ፣ ለአለቃዬ ለመስጠት ፕሪንት አድርጌያቸው ነበር። ነገ አመጣቸዋለሁ። ሐሙስ ፈረቃ የለኝም፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ላይብረሪው በር ላይ ፊርማ አሰባስባለሁ። የሚያግዘኝ አንድ ሰው ስጡኝ።

ሥራ የማልሠራ አባል፦
እኔ አለሁ።