እማዬ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከስኳር መድኃኒቷ ጋር ትጠጣለች፤ ላስቁማት?

የደሴዋ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እማዬ 63 ዓመቷ ነው። እሷ ደሴ፣ እኔ አዲስ አበባ። ስኳር ካለባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች፤ ለግፊቷ ደግሞ ኢናላፕሪል። መድኃኒቷን በመዋጥ አትታማም።

ከሁለት ወር በፊት ሪያድ ያለችው ታናሽ እህቴ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በሰው ላከችላት። ጎረቤቷም፣ ሙስሊም ናቸው፣ ከእማዬ ጋር ቡና ሳይጠጡ አይውሉም፣ "ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው የተባለለት እኮ ነው" አሏት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማታ ስትተኛ አንድ። ምሬቱን የምታወራርደው በማር ነው። አዎ፣ በማር። ስኳር ያለባት ሴትዮ።

ባለፈው ዓርብ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስደውል ድምጿ ልክ አልነበረም። ቃል ትጎትታለች። "እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ አጠመቀኝ" አለች። ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ክኒኑን ግን ውጣለች፤ ማሩን ትታ ዘይቱንም ጠጥታለች። ቤት ያለችው ልጅ በመለኪያው ለካቻት፤ 58። እግዜር ይስጣት፣ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት።

አሁን ጥያቄዬ፦ ያወረዳት ዘይቱ ነው ጾሙ? ላስቁማት ወይስ ላስቀንሳት?

"ጾም ላይ ለምን ጠጣሽ?" ስላት "መድኃኒት ነዋ!" ትለኛለች። "እሺ፣ መድኃኒት ከሆነ ለሐኪምሽ ነግረሻል?" ስላት ደግሞ "ምግብ ነዋ!" በርበሬ ውስጥ የሚገባ፣ ድፎ ዳቦ ላይ የሚነሰነስ፣ ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥራ ታሸትተን የነበረ ነገር ምን ያደርገኛል ነው የምትለው። "ተዪ" ብዬ ብቻ አትሰማኝም።

ነጭ ጋወን፦

እህቴ፣ እንኳን ተረፈች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ እሰማለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚነግረኝ ግን ስጠይቀው ብቻ ነው።

ዘይቱ ወይስ ጾሙ ላልሽው፣ ሦስት ነገር ነው የተደራረበው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ እያለ ይገፋል። በላች አልበላች አይጠይቅም። ሜትፎርሚን ብቻውን ቢሆን ብዙም እንዲህ አያወርድም። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ በራሱ ስኳር ይቀንሳል። ባዶ ሆድ ሲጨመርበት 58 አይገርመኝም። የደም ግፊትም ስለሚቀንስ፣ ከኢናላፕሪሉ ጋር ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ ጠይቂያት።

መጠኑ ነው ያስደነገጠኝ። ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 14 ግራም ይጠጋል። ሁለት ጊዜ ስትጠጣ 27 ገደማ። የጥቁር አዝሙድ ክኒን ከወሰደች በኋላ ኩላሊቷ የደከመባት የስኳር ሕመምተኛ በሕክምና መጽሔት ላይ ተመዝግባለች። አንድ ሰው ሁሉን አይወክልም፤ ግን እናትሽ የኩላሊት ምርመራ ካደረገች ከቆየች ይታይላት።

ስለዚህ ለጊዜው ዘይቱን ታቁም፤ መቀነስ አይደለም። ክኒኑን ግን በራሳችሁ እንዳትነኩት። ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ የሚከታተላት ሐኪም ጋ ደውሉና 58 መውረዷን ንገሩ። የክኒኑ መጠን ራሱ መታየት አለበት። የግሊቤንክላማይድ ጉልበት ስለሚቆይ አንዴ የወረደ ስኳር በዚያው ቀን ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ከተነሳ በኋላ ምግብ። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አይደረግም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሜሪላንድ ነኝ፦

የነጭ ጋወን ላይ አንድ ልጨምር። አባቴ በልብ ቫልቭ ምክንያት ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። እዚህ ሐኪሙ "ከመድኃኒት ውጪ የምትወስደው ነገር አለ?" ሲለው "የለም" አለ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ አጠገቡ ነበርኩ! ቤት ስንደርስ ካቢኔው ውስጥ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እንክብል አገኘሁ። "ይሄስ?" ስለው፣ ልክ እንደ እናትሽ፣ ምግብ ሆነ።

ይሄ ዘይት የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላል። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆን አይቀለድበትም። የልብ ሐኪሙ ዘይቱን አስቆመውና የደም መርጋት ምርመራውን በሳምንቱ ደገመለት። ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲያቆም ይመከራል። እርጉዞችም በማንኪያ ባይጠጡት ይሻላል፤ ምግብ ላይ የሚነሰነሰው ሌላ ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሱቅ ስላለ መንግሥት ያጸደቀው የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እንዲህ ያለው ማሟያ ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት አይጸድቅም።

ዘይት ጨማቂው፦

የሕክምናውን ለባለሙያ ትቼ የማውቀውን ልናገር። እኔ ተልባና ጥቁር አዝሙድ አስጨምቃለሁ። ከሦስት ኪሎ ዘር አንድ ኪሎ ዘይት ከወጣልኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። እናትሽ የምትጠጣው 27 ግራም ዘይት ማለት ወደ 80 ግራም ዘር ነው። በየቀኑ! ድፎ ላይ የሚነሰነሰው ስንት ነው? ቁንጥር። ይሄን ንገሪያት።

ሌላው፣ ምን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው? ይሄ ዘይት ብርሃንና ሙቀት አይወድም። ጠቆር ያለ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ጥላ ቦታ። አሮጌ ቅባት አሮጌ ቅባት ከሸተተ አይጠጣ። ገበያ ላይ ደግሞ በሌላ ርካሽ ዘይት የተቀየጠ ሞልቷል። ስትገዙም ስሙን አጥሩ፤ ነጭ አዝሙድም ከሙንም ሌላ ተክል ናቸው። "አዝሙድ ስጠኝ" ብላችሁ የሰጧችሁን ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

የደሴዋ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወሬውን ልጨርስላችሁ።

ያንኑ ቀን ደወልን፤ ሰኞ አስጠሯት። ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን ቀነሰላትና ኩላሊቷን አስመረመራት፤ ደህና ነው። ዘይቱን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ እንዳትነካ ብሏታል። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። "መድኃኒት የምትውጪ ሰው ቁርስሽን ብዪ" አሏት። እኔ ለዓመታት ያልኳትን በአንድ ቃል ተቀበለቻቸው።

ማስቀመጫውን ጠየቅኩ። በሃይላንድ ገልብጣ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣዋለች። የመጣበትን ጥቁር ጠርሙስ አጥባ የበርበሬ ቅመም አድርጋበታለች።

ያሳመናት ግን የጨማቂው ሒሳብ ነው። "እማዬ፣ በቀን 80 ግራም ጥቁር አዝሙድ እየበላሽ ነው" ስላት ዝም አለች። ከዚያ "ውይ፣ ኪሎው ስንት ገብቶ!" ስኳሯ 58 ሲወርድ ያልደነገጠች ሴትዮ።

"ታዲያ ዘይቱን ምን አደረግሽው?" አልኳት። ሊጣል ነው እንዴ፣ ለጎረቤቷ ሰጥታቸዋለች። እሳቸውም ለግፊት ክኒን እንደሚወስዱ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። መልሼ ልደውል።