የመኪና ብድር ሳወዳድር ክሬዲቴ ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ያገለገለ ካምሪ ልገዛ ነው። ዲለሩ ማመልከቻዬን ለብዙ ባንክ እልካለሁ አለኝ። ክሬዲቴን (የብድር ታሪኬንና ነጥቤን) ገና እየገነባሁ ስለሆነ፣ በየጥያቄው ነጥቤ እንዳይቀንስ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይዞህ። ፋይኮ የሚባለው የክሬዲት ነጥብ ስሌት በ14 ቀን ውስጥ የተጠየቁ የመኪና ብድሮችን እንደ አንድ ነው የሚቆጥራቸው። አዲሶቹ ስሌቶች እስከ 45 ቀን ይሄዳሉ። አበዳሪው የትኛውን እንደሚያይ ስለማታውቅ ግን በ14ቱ ጨርስ። በዚህ መሃል ክሬዲት ካርድ እንዳታመለክት፤ እሱ ለብቻው ይቆጠራል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ዲለር ጋ ከመሄዴ በፊት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ነው የምጠይቀው። ፕሪኳሊፊኬሽን (ከማመልከቻ በፊት የሚሰጥ ግምት) ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነጥብ አይነካም፤ "ሶፍት ነው ወይስ ሃርድ?" ብለህ አረጋግጥ፤ ሶፍት ማጣሪያ ነጥብ አይነካም፣ ሃርድ ግን ሊቀንስ ይችላል። ደግሞ በወርሃዊ ክፍያ አትታለል! 72 ወር ሲሆን ያንሳል፣ ወለዱ ግን ይከመራል። ኤፒአሩን (ወለድና ክፍያዎችን ያካተተውን የዓመት መቶኛ) እይ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ክሬዲት ዩኒየን እደውላለሁ።