ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ የተያዘን ትልቅ ሬድፊሽ እንዴት በሰላም መልቀቅ ይቻላል?

ጥያቄ (ከሂውስተን፣ ቴክሳስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጋልቨስተን ወሽመጥ ወገቤ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሜ ሳጠምድ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ሬድፊሽ (ቀላ ያለ ትልቅ የባሕር ዓሣ) ይዤ ለቅቄአለሁ። መንጠቆውን ካወጣሁለት በኋላ ጥቂት በጎኑ ተጋድሞ ቆየና በጅራቱ ውኃ ፊቴ ላይ ረጭቶ ሄደ። በመስከረምና በጥቅምት ትልልቆቹ ስለሚበዙ ተመልሼ መግባቴ አይቀርም። ጀልባም ረዳትም የሌለው ሰው እንዲህ ያለውን ዓሣ ሳይጎዳ ለመልቀቅ፣ ከተቻለም ፎቶ ለማንሳት ምን ማድረግ እንዳለበት ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ነባር አጥማጅ)፦
በጎኑ የተጋደመው ድካም ስለጠናበት ነው። ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ ብዙ የታገለ ዓሣ ቶሎ አያገግምም፤ ስለዚህ ዋናው ነገር የሚወሰነው ዓሣው እጅዎ ከመግባቱ በፊት ነው። በቀጭን ክር ረጅም ጊዜ መታገል ለአጥማጁ ጨዋታ ቢሆንም ዓሣውን ሊገድለው ስለሚችል፣ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ የሚችል ክር ይጠቀሙ። በሸርጣን ወይም በዓሣ ቁራጭ የሚያጠምዱ ከሆነ ክብ መንጠቆ (ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ) ይምረጡ፤ ብዙውን ጊዜ ዓሣውን የሚይዘው በአፉ ጥግ ነው። ውጦት ከተገኘ ግን ጎርጉሮ ከማውጣት ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጦ መተው ይሻላል።

መልስ (ከኮርፐስ ክሪስቲ)፦
በተባለው ላይ የምጨምረው አያያዙን ነው። የመንጠቆውን የኋላ ጥርስ አስቀድመው በፒንሳ ይጨፍልቁት። ዓሣውን ከውኃ ሳያወጡ፣ እጅዎን አርጥበው፣ በአንዱ የጅራቱን ሥር ጨብጠው በሌላው ሆዱን ይደግፉ፤ በመንጋጋው ማንጠልጠልም ሆነ ጣት ወደ ስንጥቡ (ወደሚተነፍስበት) ማስገባት ጨርሶ አይገባም። ራሱን ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙረው ይያዙት። ብዙዎች ወደፊትና ወደኋላ ሲንጡት አያለሁ፤ ወደኋላ ሲጎተት ግን ውኃው በስንጥቡ በተቃራኒ ስለሚያልፍ አይጠቅመውም። ጅራቱን በራሱ ኃይል አስለቅቆ እስኪሄድ ይታገሱ። ፎቶው፣ ስልኩ ደረት ላይ የሚታሰር ካልሆነ በቀር፣ ብቻዎን ሲሆኑ ቢቀርብዎት ይሻላል ባይ ነኝ። ርዝመቱን ለማወቅ የማጥመጃ ዘንግዎ ላይ በ28 ኢንች (የሚወሰደው ዓሣ የርዝመት ጣሪያ) ምልክት ያድርጉ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከ28 ኢንች የሚበልጠውን ሁሉ መልቀቅ ግዴታ ነውን?

መልስ (ሦስተኛ አባል)፦
በቴክሳስ በተለምዶ የሚወሰደው ከ20 እስከ 28 ኢንች ያለው ነው፤ ከዚያ የሚበልጠውን ለመውሰድ ከማጥመጃ ፈቃዱ ጋር የሚሰጥ፣ ዓሣው ላይ የሚታሰር መለያ ያስፈልጋል። ደንቡ ስለሚሻሻል የግዛቱን የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በየዓመቱ ይመልከቱ። እኔ መለያው ቢኖረኝም እለቃለሁ፤ በመጸው ወደ ባሕር መውጫዎች የሚሰበሰቡት ትልልቆቹ እንቁላል ሊጥሉ የመጡ ናቸውና።

ስለ ራስዎ ደግሞ፦ ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚተኛ እግርዎን ሳያነሱ እየጎተቱ ይራመዱ። ቢወጋዎ እግርዎን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው ሕክምና ይሂዱ። ቁስል ካለብዎ በሞቃቱ ወራት ጨርሶ አይግቡ፤ ቪብሪዮ የተባለው ባክቴሪያ በቁስል ገብቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ከጋልቨስተን ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ባለው ባሕር መውጫ፣ ሳን ሉዊስ ፓስ ላይ ደግሞ፣ ዓሣው ምንም ያህል ቢበዛ፣ ኃይለኛው የውኃ ፍሰት ሰው ስለሚወስድ ከዳር ሆነው ያጥምዱ እንጂ ወደ ውኃው አይግቡ።