ሴት ታዳጊ ተጫዋቾቻችንን 15 ዓመት ከሞላቸው በኋላ እንዴት እናቆያቸው?

ጥያቄ (የታዳጊዎች አስተባባሪ፣ ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም መንደሮች አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። ከ13 እና ከ15 ዓመት በታች ሁለት ቡድኖች አሉን፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው ግን ዋናው ቡድን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት 15 ዓመት የሞላት ልጅ በጉልበትም በልምድም ከሚበልጧት አዋቂ ተጫዋቾች ጋር ትቀላቀላለች፣ አለዚያም ጫማዋን ሰቅላ ቤቷ ትቀመጣለች። አብዛኞቹ ሁለተኛውን ይመርጣሉ። በኮሚቴያችን ግማሹ አባል ከ17 ዓመት በታች ቡድን እንዲቋቋም ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ጎበዞቹን ለትልልቅ ክለቦች ሰጥተን የማሠልጠኛ ክፍያ ብንጠይቅ ይሻላል ይላል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ (አሠልጣኝ፣ ቃሊቲ)፦
እህቴ፣ ያለ ማመንታት ከ17 ዓመት በታች ቡድን አቋቁሙ። ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ኳስ መቆጣጠርና ማቀበል የተማረች ልጅ የቦታ አያያዝን፣ የጨዋታ ንባብንና ለ90 ደቂቃ የሚበቃ አቅምን የምትገነባው በ15 እና በ17 ዓመት መካከል ስለሆነ፣ ልክ በዚህ ጊዜ የሚያጫውታት ቡድን ካጣች ያለፈው ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ወደ ተካሄደው የካፍ ሻምፒዮንስ ሊግ አልፏል፤ እንደዚያ ያለ ክለብ የበሰለች ተጫዋች ከየትም የማስፈረም አቅም አለው። የከተማ ዳር ክለብ ግን ራሱ ካሳደጋቸው ልጆች በቀር ሌላ ሀብት የለውም። ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ለመድረስ አንድ እርምጃ ሲቀረው በጋና መሸነፉን ሳስብ፣ ልጆቻችን ከዚያ በፊት በክለብ ደረጃ ስንት ጠንካራ ጨዋታ ተጫውተው ነበር ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቁጭቱም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የተቃራኒ ቡድን እጥረት እንደሚገጥማችሁ እገምታለሁ። በዕድሜ ሁለት ዓመት ከሚያንሱ ወንዶች ጋር በቋሚነት ብትጫወቱ ልጆቹ በፍጥነት ማሰብን ይለምዳሉ። ከሳምንቱ ልምምድ አንዱን ቀን ብቻ ከዋናው ቡድን ጋር ያድርጉት፤ ሌላውን ጊዜ ከእኩዮቻቸው ጋር ይሁኑ፤ አዋቂዎቹ ዘንድ ተቀያሪ ወንበር ላይ የምትውል የ15 ዓመት ልጅ አታድግም።

መልስ (በስፖርት ሕግ የሚሠራ)፦
ስለ ክፍያው ላስረዳ። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ የማሠልጠኛ ካሣ፣ ማለትም አዲሱ ክለብ ተጫዋቹን ላሳደገው ክለብ የሚከፍለው ገንዘብ፣ የሴቶችን እግር ኳስ አይመለከትም፤ ስለዚህ ኮሚቴው በዚህ ላይ ተስፋ ባይጥል መልካም ነው። የሚሠራው የአብሮነት ክፍያ የሚባለው ነው፤ አንዲት ተጫዋች ውሏ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ስትዛወር ከዝውውር ዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቷ ላሠለጠኗት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዱራሜ የተነሣችው አጥቂ ሎዛ አበራ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ክለብ እንደተጫወተች ሁሉ የእናንተም ልጅ አንድ ቀን ልትወጣ ትችላለችና፣ እያንዳንዷን ልጅ በየዓመቱ በፌዴሬሽን አስመዝግባችሁ ሰነዱን በጥንቃቄ ያዙ። ሆኖም አብዛኞቹ ሴት ተጫዋቾች ውላቸውን ጨርሰው በነፃ ስለሚዛወሩ፣ ይህን ገንዘብ በበጀት ውስጥ አታስገቡት።

መልስ (የተጫዋች እናት፣ ኮዬ ፈጬ)፦
እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም፤ ልጆቹ ለምን እንደሚቀሩ ግን እናገራለሁ። ልምምዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ሲያልቅ ልጄ በጨለማ ታክሲ ትጠብቃለች፤ አባቷም እኔም እስክትገባ ድረስ እህል አይወርድልንም። ሜዳው አጠገብ የሚዘጋ መጸዳጃ የለም፤ የተሰጣቸው ቁምጣ ደግሞ ነጭ ነው፤ ልጆቹ የወር አበባቸው ሲመጣ ስለሚፈሩ አመመን ብለው ይቀራሉ። የእንግሊዝ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን እንኳ በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2023 ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ ቀይሯል። ቁምጣውን ጥቁር አድርጉት፤ ልምምዱን ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት አድርጉልን፤ በትምህርት ፈረቃ ምክንያት የማይመቻቸው ካሉ ቅዳሜ ጠዋት ይካካስላቸው። ይህን ካደረጋችሁ እኔ ራሴ የጎረቤቶቼን ሴቶች ልጆች ይዤ እመጣለሁ።

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዕድሜ የሴቶች የጉልበት ጅማት የመበጠስ አደጋ ከወንዶች እጅግ ይበልጣል፤ ሜዳውም ደረቅና ኮረታማ ነው። ከ14 ዓመት ጀምሮ ላሉ ተጫዋቾች የተዘጋጀውን ፊፋ 11 ፕላስ የተባለ ማሟሟቂያ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት አሠሯቸው። 20 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው፤ ከኳስ በቀር ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ አሠልጣኙ ዐይኑን ሳይነቅል ይከታተል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናትየዋን መልዕክት ለኮሚቴው ቃል በቃል አነባለሁ፤ ቁምጣውም ይቀየራል። የቀረን የሜዳው ጉዳይ ነው፤ የቅዳሜን ጠዋት ጤና ቡድኖች ለዓመታት ይዘውታል። ከእነርሱ ጋር ተስማምቶ ሰዓት የተካፈለ ክለብ ካለ እንዴት እንደተነጋገረ ይንገረን።

መልስ (አሠልጣኝ፣ ቃሊቲ)፦
ከጤና ቡድኖቹ አባላት ብዙዎቹ ሴት ልጆች ያሏቸው አባቶች ናቸው። እኛ የቡድን መሪዎቹን ልምምድ ላይ ጋብዘን ልጆቹን ካዩ በኋላ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለቀውልናል፤ ስምምነቱን ግን በጽሑፍ አድርጋችሁ በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ማኅተም አስመቱበት።