ጥቆማ ፈልጌ፦ የላዳኩ ቲክሴ ገዳም በመጋቢት፣ የት ልደር? ምን ልልበስ?

ቀበና_7፦
ሰላም ለሁላችሁ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ዴልሂ፣ ከዚያ የሰሜን ሕንዷ የላዳክ ዋና ከተማ ወደሆነችው ሌህ በርሬ የቲክሴን የቡድሂስት ገዳም ለማየት ነው ሐሳቤ። የንጋቱ ጸሎት እንዳያመልጠኝ ሌህ ከተማ ልደር ወይስ ገዳሙ ሥር? ጃኬትስ ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ ልከራይ?

ዴልሂ_ነኝ፦
የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ሌህ፣ ሦስተኛውን ቲክሴ እደር። ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ናት፤ ሆስፒታሉም እዚያ ነው። ገዳሙ 19 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሚኒባስ አለ፣ ለንጋቱ ጸሎት ግን አያደርስህም። ታክሲ ከያዝክ ማታውኑ ተነጋገር፤ ታሪፉን የሚያወጣው የታክሲ ማኅበሩ ስለሆነ ዝርዝሩን አሳየኝ በል። በዚህ ወቅት ብዙ ሆቴል ገና አልተከፈተም። የቤተሰብ ማረፊያ ይሻልሃል፤ ቧንቧው በብርዱ እንዳይፈነዳ ተዘግቶ ስለሚከርም ሙቅ ውኃ በባልዲ ይመጣልሃል። ማሞቂያው ምን እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ቡኻሪ የሚሉት የእንጨት ምድጃ ከሆነ እንደኛ ከሰል ቁጠረው፦ ሳይጠፋ አይተኛም፣ መስኮትም ገርበብ ይደረጋል።

ሰሚት_ልጅ፦
ከማረፊያው በፊት አስጎብኚውን ተጠንቀቅ። እኛን ያጓጓዘን ድርጅት በሁለተኛው ቀን ካርዱንግ ላ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ፣ 5,359 ሜትር ላይ አወጣን። ሦስት ሰው ሲያስመልሰው አደረ። ፕሮግራሙን በጽሑፍ አስልክ፤ የመጀመሪያው 48 ሰዓት ዕረፍት ካልሆነ አትክፈል።

አራዳ፦
የአዲስ አበባ ሰው ደገኛ ነው፣ ከፍታ ምን ያደርገዋል?

ሲስተር_ሐ፦
ያደርገዋል እንጂ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህላል። ሌህ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ዴልሂ ቆላ ናት፤ እዚያ በሰነበትክ ቁጥር ከቤትህ ይዘኸው የመጣኸው ልማድ ይሳሳል። የከፍታ ሕመም መከላከያው መድኃኒት አሴታዞላማይድ በተለምዶ 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ከመውጣትህ አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ካለህ ሐኪም ሳታማክር አትንካው። መድኃኒቱ ጣትህን ቢነዝርህና ሽንት ቢያበዛብህ አትደንግጥ። ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ አንድ ሜትር እንኳ ከፍ አትበል። እርምጃህ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጠህ ትንፋሽ ካጠረህ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ኦክስጅን፣ ከዚያ መውረድ።

ሰሚት_ልጅ፦
ገንዘባችንንም አልመለሱም! ቅድሚያ ሙሉውን የሚጠይቅ ሁሉ ይቅርባችሁ።

መርካቶ_ደንበኛ፦
ጃኬት ከመርካቶ ልባሽ ተራ ውጪ አትግዛ። የላባው ጃኬት የትም አገር እንደዚያ አይገኝም።

ዴልሂ_ነኝ፦
ላባ ለላዳክ ጥሩ ነው፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ አይረጥብም። ኮፍያ ያለውና ዚፑ የሚሠራ ይሁን። የሚከራዩት ሱቆች በመጋቢት ሁሉም ላይከፈቱ ስለሚችሉ ይዞ መሄዱ ይሻላል። ግን ጃኬት ጸሎት ቤት ውስጥ እግርህን አያድንም፤ ጫማ ይወልቃል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ጸሎቱም ረጅም ነው። ድርብ የሱፍ ካልሲ ያዝ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሻንጣህንም መዝነው፦ ከአዲስ አበባ 23 ኪሎ ቢፈቀድልህ የዴልሂ–ሌህ በረራ 15 ኪሎ ነው የሚቀበልህ።

መርካቶ_ደንበኛ፦
የመርካቶው ይበልጣል፣ አበቃ።

ጎላ_ሰፈር፦
የተጠየቀው ማደሪያ ነው፤ እናንተ ገበያ ወጣችሁ። ለመሆኑ ወቅቱ ዐቢይ ጾም መሆኑን ያሰበ አለ? ምን ይበላል?

ዴልሂ_ነኝ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕንድ ውስጥ «ቬጅ» ሲሉህ ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ ወተትና ቅቤ የለበትም ማለት አይደለም። የላዳክ ሻይም ቅቤና ጨው አለበት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እርጎ ብለህ አንድ በአንድ ስማቸውን ጥራ። ጻምፓ ግን የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ በሶ ማለት ነው፤ በውኃ አስበጥብጠህ መጠጣት ትችላለህ።

አራዳ፦
ዴልሂ የገዛሁት ሲም እዚያ ይሠራል?

ሲስተር_ሐ፦
ቅድመ ክፍያ ከሆነ አይሠራም። ድኅረ ክፍያ ብቻ ነው የሚሠራው። ሳተላይት ስልክ ደግሞ ሕንድ ያለ ፈቃድ አይገባም።

ሰሚት_ልጅ፦
ቀበና_7፣ የትኛውን ያዝክ?

ዴልሂ_ነኝ፦
እስኪመልስ ድረስ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሌህ በረራ ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ። በረዶ ወይም ደመና ካለ ይሰረዛል፣ ከማናሊ ወደ ሌህ የሚወስደው የመኪና መንገድም በመጋቢት አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ከሌህ መመለሻህንና የአዲስ አበባውን በረራ በአንድ ቀን አትቁረጥ፤ በመካከላቸው ሁለት ቀን ተው።